መዝገባችን የት ነው ያለው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥ እላለሁ። ቀጥዬም ኮሚቴው «በቤትህ የምትነካካውን የኮምፒዩተር ነገር እስቲ ለአባላት አስረዳ» ብሎ ይህን ጊዜ ስለ ሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔም ስጀምረው እንዲሁ ነበር የመሰለኝ። ነገር ግን እያደር ሳየው ነገሩ የጨዋታ ሳይሆን የመዝገብ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ዕድር ማለት ደግሞ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ወንበሩም ተሟልቶ ቢገኝ መዝገቡ ከጠፋ ዕድር አይባልም።

እንደሚታወቀው፣ ስሙን ከሱፐርማርኬቱ በወረሰው በዚህ በባምቢስ ሰፈራችንና በካዛንቺስ ዙሪያ ድሮ ጡሩንባ ሲነፋ ሁሉም ይሰማ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን የዕድር አባል እንደ ሆነ ለመጠየቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም ነበር፤ ጎረቤት ምስክር ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ጎረቤቶቻችን ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ሄደዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዕድራቸውን አልለቀቁም፤ ዛሬም በሁለት ታክሲ ተሳፍረው የመጡ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። ጡሩንባው ግን ገላን ጉራ አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ ለአንድ አባል የሚመሰክርለት ጎረቤቱ መሆኑ ቀርቶ መዝገቡ ሆኗል። መዝገቡ ዋሸ ማለት አባሉ በሐዘኑ ቀን ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ መዝገብ የት ነው ያለው? ከጥቂት ዓመታት በፊት ወፍራሞቹ የቀለም መዝገቦቻችን ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጠው ነበር፤ ሁላችንም አጨብጭበናል። ከዚያም አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ዳግመኛ ላይነሣ ተኛ። በዚያው ሳምንት ለቅሶ ሆነ። ጸሐፊያችን ዝርዝሩን ቢፈልግ የለም። ድንኳኑ የወጣው በሽማግሌዎች ቃልና በአሮጌው የቀለም መዝገብ ምስክርነት ነው። ያን ዕለት ነው እኔ «መዝገባችን በአንድ ብረት ሣጥን ውስጥ ታስሮ መኖር የለበትም» ብዬ በቤቴ ሙከራ የጀመርሁት።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር

ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ምንድን ነው? የዕድራችንን ድንኳን አስቡት። ግቢው አንድ ነው፤ በግቢው ውስጥ ድንኳን እንተክላለን፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መብራቱ ይገባል፤ ሰውም እንደ ቤት ይቀመጥበታል። ለቅሶው ሲያበቃ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል፣ በሌላ ቀን ሌላ ግቢ ውስጥ ይተከላል። ቨርቹዋል ማሽንም እንደዚሁ ነው። የምትዳስሱት ኮምፒዩተር ግቢው ነው። በውስጡ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ይተከላል፤ ከትልቁ ላይ ተቆርሶ የተሰጠው የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ሥርዓት አለው። በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም ድንኳን ውስጥ መሆኑን ልብ አይልም። ሲጠቀለል ደግሞ ያ ሁሉ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ገልብጦ እዚያ መትከል ይቻላል። ግቢው ቢቃጠል ድንኳኑ ይተርፋል።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንዱን ውድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሠራተኞች ለማካፈል ሲል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮት፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ቪ ኤም 370 በሚል ስም ለደንበኞቹ አቀረበው። በ1999 እ.ኤ.አ. ቪ ኤም ዌር የተባለ ኩባንያ በተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ አደረገ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቨርቹዋል ቦክስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ወጣ። እኔ የምጠቀመውም ይኸንኑ ነው። ለሰፈራችን ሰውም ቢሆን ኮምፒዩተር እንግዳ አይደለም። በእግር በምንደርስበት በኢ.ሲ.ኤ. ግቢ ፓዲስ የተባለው የአፍሪካ የመረጃ ድርጅት የተቋቋመው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአገራችን ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት የኮምፒዩተር ደብዳቤ ከዚያ ግቢ ይላክ ነበር።

የእኔ ዕቃ ብዙ አይደለም። ስክሪኑ የተሰበረ፣ ማንም የማይፈልገው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የገዛሁት። ላፕቶፕ የመረጥሁት ባትሪ ስላለው ነው፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ሥራውን በሥርዓቱ ዘግቶ ለመተኛት ጊዜ ያገኛል። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ ላይ 2ቱን ለውስጠኛው ሰጠሁት፤ ለዲስኩም 20 ጊጋባይት መደብሁለት። በውስጡ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ የሊነክስ ሥርዓት ጫንሁ። ልትሞክሩ ለምትፈልጉ ወጣቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ፕሮግራሙ «አልነሣም» ካላችሁ ኮምፒዩተሩን አታማርሩ። ብዙ ጊዜ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ማብሪያ ከፋብሪካው ሲወጣ ጠፍቶ ስለሚመጣ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ይበቃል። እኔ በዚህ ምክንያት ሦስት ቀን ተጨንቄአለሁ።

የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም ምን መሰላችሁ? ሳይፈሩ መሞከር ነው። አንድ አደገኛ ነገር ከመሥራቴ በፊት «ስናፕሾት» የሚባለውን አነሣለሁ፤ ማለትም ኮምፒዩተሩ በዚያች ደቂቃ ያለበትን ሁኔታ እንደ ፎቶግራፍ አስቀርለሁ። ካበላሸሁት ወደ ፎቶግራፉ እመለሳለሁ። በእውነተኛው የዕድር መዝገብ ላይ ግን ማን ደፍሮ ይሞክራል?

ትንንሽ የትእዛዝ ጽሑፎች

ቀጥሎ የመጣው ስክሪፕት የሚባለው ነው። ይህም ሲባል ለኮምፒዩተሩ በተራ የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ማለት ነው። የንብረት ክፍላችን ለተረኞች «በመጀመሪያ ድንኳኑን አውጡ፤ ቀጥሎ ወንበሩን ቁጠሩ፤ የጎደለ ካለ ጻፉ» ብሎ ወረቀት እንደሚሰጠው ዓይነት ነው። ልዩነቱ፣ ተረኛው አእምሮ አለው፤ ኮምፒዩተሩ የለውም። የታዘዘውን ብቻ ይሠራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የስም ነገር ነበር። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱ አጻጻፍ ስለ ነበረው በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ጭረት ይሆን ነበር። አሁን ያ ችግር ቀርቷል። ነገር ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ ለየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እኛ ስንናገራቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን እንደ በግና እንደ ፍየል የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። ጸ በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እየተባለ በስድስት ዓይነት ይጻፋል፤ ሁለቱ ሲባዙ 12 ይሆናል። ዓለም ፀሐይ ከሆነስ? አ በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ 48፤ ሁለቱ ቃላት ተለያይተውም ተያይዘውም ስለሚጻፉ 96 ይደርሳል። አንዲት ሴት፣ 96 ስም! የእኛው ማኅተም «እድር» ይላል፤ የቀለም መዝገባችን ሽፋን «ዕድር» ይላል፤ ታዲያ በአባላት ስም ማን ይፈርዳል?

መላው ቀላል ነው። የአባሉ ስም እንደ ተጻፈ ይቀመጣል፤ አይነካም። ከጎኑ ግን ሌላ ዓምድ ተከፍቶ ስክሪፕቱ ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ይመልሳቸዋል፤ ክፍተቱንም ያወጣል። ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ ዓምድ ነው። ማዕረግንም ይቀንሳል፤ ገ/ ያለውን ገብረ፣ ወ/ ያለውን ወልደ ብሎ ይዘረዝራል። ታዲያ ቅደም ተከተሉን ስላላሰብሁበት መጀመሪያ ዝርዝሩን፣ በኋላ ማዕረጉን አደረግሁት። ጠዋት ብከፍተው የዕድራችን ወይዘሮዎች ሁሉ «ወልደሮ» ሆነው አገኘኋቸው! ደግነቱ በድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ ወደ ስናፕሾቱ ተመለስሁ፤ ማዕረጉ አስቀድሞ እንዲወጣ አድርጌ አስተካከልሁት።

ሁለተኛው የቀን አቈጣጠር ነው። የተለመዱት የሒሳብ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የፈረንጁን አቈጣጠር ነው። እናንተ ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስትጽፉ እሱ «ፌብሩዋሪ 30» ብሎ ይረዳዋል፤ እንደዚያ ያለ ቀን ስለሌለ ቀን አድርጎ አይቀበለውም። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብትሉትማ ጭራሽ አይቀበላችሁም። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ቀን እንደምትሆንም አያውቅም፤ በ2015 እንደ ሆነችው፣ በ2019ም እንደምትሆነው ማለቴ ነው። እኔ ቀኑን ከዓመቱ ጀምሬ፣ ወሩን አስከትዬ፣ ቀኑን መጨረሻ አድርጌ እንደ ጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ፤ ለምሳሌ 2017-02-30። እንዲህ ከሆነ በፊደል ተራ ሲደረደር በራሱ በጊዜ ተራ ይደረደራል።

ውዝፍ ለማስላት ደግሞ የእኛ መዋጮ የሚከፈለው በ12 ወር ስለ ሆነ ዓመቱን በ12 አባዝቶ ወሩን መደመር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የኅዳር 2016ን የከፈለ ሰው በመጋቢት 2017 ቢታይ፣ ከ24,211 ላይ 24,195 ሲቀነስ 16 ይሆናል፤ እስከዚያ ወር የ16 ወር ዕዳ አለበት ማለት ነው። ይህን በቃል ለማስላት የሚቸገር ሁሉ ስክሪፕቱ ለመቶ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይሠራለታል።

ሦስተኛው ማነጻጸር ነው። በሊነክስ ውስጥ ዲፍ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ያለፈውን ወር መዝገብና የዚህን ወር መዝገብ ስትሰጧት የተለወጠውን መሥመር ብቻ ለይታ ታወጣለች፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ሒሳብ ተቀየረ። ያቺ አንዲት ገጽ ታትማ በኮሚቴው ፊት ብትነበብ ማንም ሰው በስውር መዝገብ ሊነካ አይችልም፤ ጸሐፊውም ከሐሜት ይድናል።

የተሳሳትሁባቸው ነገሮች

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋናው ነገር ይኸው ነውና።

ክሮን የሚባል ስክሪፕቶችን በሰዓታቸው የሚያስነሣ ተቆጣጣሪ አለ። መዝገቡ በየቀኑ ማታ በ3 ሰዓት ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ ብዬ 3 ብዬ ጻፍሁ። የኮምፒዩተሩ ሰዓት በፈረንጅ አቈጣጠር ስለሚሄድ የእሱ 3 የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ በ5 ሰዓት አጥፍቼው እተኛለሁ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቅጂ አልተገለበጠም፤ እኔም «ባካፕ አለኝ» እያልሁ ተኝቼ አድር ነበር። ያወቅሁት በአጋጣሚ ስከፍተው ነው። ማታ 3 ሰዓት ለኮምፒዩተሩ 21 መሆኑን ያን ቀን ተማርሁ። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱ ሥራውን ሲጨርስ ቀኑንና የገለበጠውን የስም ብዛት በአንድ መሥመር ይጽፋል፤ ያቺ መሥመር ከታጣች ነገር አለ ማለት ነው። ስናፕሾትም ቢሆን ባካፕ አይደለም፤ በዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

የባሰውን ልንገራችሁ። የውዝፍ ስክሪፕቱ እንደ ተጠናቀቀ በመዝገቡ ቅጂ ላይ አስኬድሁትና ከስድስት ወር በላይ ያልከፈሉትን ዝርዝር አወጣሁ። በመተዳደሪያ ደንባችን እነዚህ ማስጠንቀቂያ ተጽፎላቸው የሚሰረዙ ናቸው። ደብዳቤውንም ስክሪፕቱ ራሱ እንዲጽፍ አድርጌ ነበር፤ ኩራቴን ምን ልበላችሁ! ወረቀቱን ይዤ ወደ ኮሚቴው ስገባ ጡሩንባ ነፊያችን በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስሞቹን ሳነብላቸው አንደኛዋ ላይ ሲደርስ «እንዴ! እሳቸውማ ከገላን ጉራ ድረስ ልጃቸውን እየላኩ ይከፍላሉ እኮ! ባለፈው ወር ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

መዝገቡን ገለጥን። እውነትም እናታችን በአሮጌው መዝገብ በአንድ ፊደል፣ ወጣቱ ገንዘብ ተቀባይ በተየበው ደረሰኝ በሌላ ፊደል ተጽፈዋል። ሒሳቡን የሚያሰላው ስክሪፕት እንዲፈልግ የነገርሁት በመጀመሪያው የስም ዓምድ እንጂ በተስተካከለው አልነበረም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ አንዷን እናት ሁለት ሰው አደረጋቸው፤ አንደኛዋ አባል ናቸው ግን አይከፍሉም፤ ሁለተኛዋ ይከፍላሉ ግን አባል አይደሉም። ደብዳቤው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕድር የከፈሉ እናት ከዕድር ተሰርዘው ነበር። ሞት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። በዚያ መካከል አንድ ነገር ቢደርስ ለልጃቸው ምን ብለን እንመልስ ነበር? «ኮምፒዩተሩ ነው» ልንል? ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ ስክሪፕት ሁሉ መጀመሪያ ሳይሠራ ያሳይ፤ ማለት «ይህን ልሠራ ነው» ብሎ ይዘርዝር፤ ሰው አይቶ ሲፈቅድ ብቻ ይሥራ። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተር ስም ይጠቁም እንጂ ስም አይሰርዝ። መሰረዝ የኮሚቴና የሽማግሌ ሥራ ነው። የጡሩንባ ነፊያችን ትዝታ ከእኔ 20 ጊጋባይት በልጦ ተገኝቷልና።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

በመሆኑም የተከበረው ጉባኤ ቢቀበለው የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ. መዝገባችን ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንደኛው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከዚህ ሰፈር ውጭ በሚኖር በተመረጠ አባል ቤት። የተበታተኑት አባሎቻችን በዚህ ረገድ ለዕድሩ ጥቅም ናቸው፤ አደጋ ሁሉንም ቤት በአንድ ቀን አያገኝም።

2ኛ. በየሦስት ወሩ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተተክሎ ይሞከር። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቈጠር። በዚያው ቀን መዝገቡ በወረቀት ታትሞ በኮሚቴው ፊርማ ይቀመጥ። መጀመሪያ ያወጣን የቀለም መዝገብ መሆኑን አንርሳ።

3ኛ. እያንዳንዱ አባል በአባልነት ቁጥሩ ይታወቅ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ የምትከፍሉ «ምክንያት» የሚል ቦታ ሲኖር ቁጥራችሁን ጻፉ። የገንዘብ መላኪያው ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያመጣው ከአማርኛው ጋር ማገናኘት ከባድ ነው፤ ቁጥር ግን ሀሌታና ሐመር የለውም።

4ኛ. ምሥጢር ይጠበቅ። በመዝገቡ ውስጥ የሰው ቤተሰብ፣ ስልክና አድራሻ አለ። ስለ ግል መረጃ ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ቅጂዎቹ በይለፍ ቃል ይቈለፉ፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ከዕድሩ ዳኛ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ነገ ብሞት መዝገቡ ከእኔ ጋር መቀበር የለበትም።

5ኛ. ሁለት ወጣቶች ይመረጡልኝና ያለኝን ላስተምራቸው። አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ አትጣሉት። ስክሪኑ ቢሰበርም፣ ከላይ የተጻፈው ቢጠፋም ለማስተማሪያ ይሆናል።

ክቡራን አባላት፤ አባቶቻችን ይህን ዕድር ሲያቋቁሙ ድንኳኑን ከመግዛታቸው በፊት መዝገብ ገዝተዋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፏቸውን ስሞች ዛሬም ማንበብ እንችላለን። እኛም ለልጆቻችን የምናስተላልፈው መዝገብ በየትም ግቢ የሚተከል፣ ማንንም በስሕተት ውጭ የማያስቀር ይሁን። ያቺን እናታችንን ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳይ ደስታዬ ልዩ ነው። ስማቸው አሁን በአንድ ሰው ልክ ተጽፏል።

ፈጣሪ ዕድራችንን ይጠብቅልን።